«ውሃ ወደ ላይ አይሄድም» ላሉሽ ጎረቤት

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ጠባሴ በኩል ነው፤ እናቴ የተወችልኝ ጭቃ ቤት ውስጥ፣ ከሁለት ልጆቼ ጋር። ከበላያችን ያለው ቦታ ዕድሜ ልኬን ሣር ነበር። አምና አንድ ትልቅ ሰው ቤት ሠሩበት። ግቢያቸውን ገረጋንቲ አስሞልተው ከፍ አደረጉትና ሲሚንቶ አለበሱት። አሸንዳቸው የሚያልቀው እኔ አጥር ጥግ ላይ ነው። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው በአጥሩ ሥር እየገባ የጓዳዬን ግድግዳ እስከ ጉልበቴ አርሶታል፤ ምርጊቱ እየተላጠ ነው። ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። ‹ልጄ፣ ውሃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም፤ እኔ ምን ላድርግ› አሉኝ። ወንድሜ የአጥሩን ሥር በሲሚንቶ ድፈኚው ይለኛል። ጓደኞቼ ክሰሻቸው ይላሉ። ግን እኮ ትንሿ ልጄ የታመመች ሌሊት በመኪናቸው ሆስፒታል ያደረሱን እሳቸው ናቸው። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የረጠበው ግድግዳ ላይ ሶኬት ወይም የመብራት ገመድ አለ? ካለ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺና ከቆጣሪው በኩል መስመሩን አጥፊው። ኤሌክትሪሺያን እስኪያየው ድረስም እንዳትመልሺው። የልጆቹንም አልጋ ከዚያ ግድግዳ ራቅ አድርጊ። ከሥሩ የራሰ ጭቃ ግድግዳ ላይ አይደገፉበትም። ሌላው ሌላው ይደርሳል።

አሁን ወደ ወንድምሽ ምክር። ለአንቺ አስቦ ነው፣ ግን አይሆንም። የአጥሩን ሥር ብትደፍኚው ውሃው የትም አይጠፋም፤ ከአጥሩ ጀርባ ይተኛል። ተኝቶም ዝም አይልም። አፈሩን ያላላል፣ መሠረቱን ያርሳል፣ ግንቡን ይገፋል። የብሎኬት አጥር የሚሠራው ለሌባ እንጂ ለውሃ ስላልሆነ አንድ ሌሊት ልጆችሽ የሚጫወቱበት ላይ ዘፍ ይላል። ባይወድቅ እንኳ ውሃው ዞሮ ከአንቺ በታች ያለው ሰው ግቢ ይገባል። ያኔ «ውሃ ወደ ላይ አይሄድም» የምትይው አንቺ ትሆኛለሽ ማለት ነው።

የጋሼ ንግግር ደግሞ ውሸት የለበትም። በተረቱ አህያዋም ያለችው ይህንኑ ነው። ጅቡ ከላይ ሆኖ እየጠጣ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ሲላት፣ እኔ ከታች ሆኜ እንዴት አድርጌ ብትለው አልሰማ ስላላት ነው «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው። ልዩነቱ እዚያ ይህን እውነት የተናገረችው ከታች ያለችው መሆኗ ነው። እዚህ የያዙት ከላይ ያሉት ሰው ናቸው። ከላይ ሆኖ «ውሃ ወደ ታች ይሄዳል» ማለት ምን ይከብዳል?

ስለዚህ ውሃውን ሁለት ቦታ ክፈይው። የመጣ ውሃ አለ፣ የተላከ ውሃ አለ። ያ ቦታ ሣር በነበረበት ጊዜም ሲዘንብ ወደ እናንተ የሚወርድ ነገር ነበረ፤ ያ የመጣ ውሃ ነው። ተዳፋት ላይ የሚኖር ሰው በራሱ ጊዜ ከበላዩ የሚወርደውን ተቀብሎ ያሳልፋል እንጂ ምን ያደርጋል። ጣሪያ ላይ ተሰብስቦ፣ በአሸንዳ ተይዞ፣ በአንድ ቱቦ አንድ ጥግ ላይ የሚደፋው ግን ተልኮ የመጣ ነው። ሲሚንቶው ላይ ተንሸራቶ የሚመጣውም ያው ነው። ድሮ ሣሩ ይዞት ቀስ እያለ ይሰርግ የነበረውን ሲሚንቶው ምንም ሳያስቀር ያራግፈዋል። ከጋሼ ጋር የምትነጋገሪው ስለተላከው ብቻ ነው። ሁለቱን አደባልቀሽ «ውሃዎ አስቸገረኝ» ካልሻቸው ስለመጣው ይመልሱልሽና ይረቱሻል። ሁለት ጊዜ የሆነውም ይኸው ይመስለኛል።

መጠኑ ምን ያህል ነው? 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። የጋሼ ጣሪያ 120 ካሬ ነው እንበል። አንድ ጠንከር ያለ የሐምሌ ዝናብ 25 ሚሊ ሜትር ጣለ እንበል። 3,000 ሊትር ሆነ። በባለ 200 ሊትሩ በርሜል ስትቆጥሪው 15 በርሜል ነው። 15 በርሜል ውሃ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ጥግ ላይ፣ አንቺ አጥር ሥር! ግቢው ገና አልተቆጠረም። ደብረ ብርሃን በዓመት ከምታገኘው ወደ 900 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዝናብ አብዛኛው ደግሞ የሚወርደው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። (ውሃ መለካት ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ያለችው «አንዲት ጥድ» የምትባል ቦታ ላይ ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ከማሳ የሚወርደውን ጎርፍና ይዞት የሚሄደውን አፈር ሲለኩ ኖረዋል።)

አንቺም በአቅምሽ ለኪ። የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ ቤት አትግቢ። ጃንጥላሽንና ስልክሽን ይዘሽ ውጪና ውሃው ከየት በኩል ቀድሞ እንደሚደርስ እይ። የአሸንዳው ውሃ ዝናቡ እንደጀመረ ከች ይላል፣ ጥርት ያለ ነው፣ ዝናቡ ሲያባራ እሱም ብዙ ሳይቆይ ይቆማል። የመንገድ ወይም ከዚያ በላይ ያለ ሜዳ ውሃ ዘግይቶ፣ ጭቃና ፌስታል ይዞ ይመጣል፤ ዝናቡ አባርቶም ይወርዳል። ቪዲዮ አንሺ፣ ቀኑንና ሰዓቱን በድምፅሽ ተናገሪበት። አሸንዳው ከሚደፋበት ቦታ ጀምረሽ ሳታቋርጪ እስከ ጓዳሽ ግድግዳ ድረስ ተከተይው።

እግረ መንገድሽን የራስሽንም ጣሪያ ቀና ብለሽ እይ። የእኔ ቤት አሸንዳ አለው አላልሽኝም። ከቆርቆሮሽ ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ ያንኑ ግድግዳ እየረጨው ቢሆንስ? አትቀየሚኝ። ጋሼ ሊጠይቁሽ የሚችሉት ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ይዘሽ መሄድ አለብሽ።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ያደግሁት መንዝ ነው። አባቴ ከታችኛው ጎረቤታችን ጋር ሦስት ክረምት ተኳርፎ ነበር፣ በፈሰስ ምክንያት። ፈሰስ ማለት ገበሬ ውሃ እንዳይተኛበት ማሳው ላይ በበሬ አግድም የሚያወጣው ቦይ ነው። አባቴ ፈሰሱን ወሰኑ ድረስ ያደርሰውና እዚያው ይተወዋል። ከወሰኑ ወዲያ ያለው የእሱ ጉዳይ አልነበረም። የሰውየው ገብስ ሁለት ዓመት በላዩ ላይ ታጠበ። አባቴ ምን ይል ነበር መሰለሽ? ቃል በቃል የጋሼን ንግግር ነዋ! ሽማግሌ መጣ፣ ጠላ ተጠጣ፣ ሽማግሌ ተመለሰ። በሦስተኛው ክረምት ግን አንድ ሽማግሌ ወሬውን ትተው «ተነስ እስቲ፣ ወርደን ገብሱን እንየው» አሉት። እኔ በግ እየጠበቅሁ ከላይ አያቸው ነበር። አባቴ የእሱ ፈሰስ የቆረጠው ቦረቦር ውስጥ እግሩን አስገባ፣ እስከ ባቱ ጠለቀ። እግሩን አወጣና ጭቃውን በሣር ጠረገው። አንዲት ቃል አልተናገረም። በማግስቱ ከጎረቤቱ ጋር ሆነው ወሰኑን ይዞ ወደ ወንዙ የሚወርድ አንድ ቦይ አወጡ፤ እስከ ዛሬም አለ።

ጋሼ ጓዳሽን አይተውት ያውቃሉ? አይመስለኝም። የነገርሻቸው በራቸው ላይ ቆመሽ ይሆናል፣ ምናልባት ዝናብ ላይ፣ ምናልባትም ድምፅሽ ከፍ ብሎ። እሳቸው የሚያውቁት አሸንዳቸው በደንብ እንደሚሠራ ብቻ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው አይታያቸውም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ጥሪያቸው፣ ባለቤታቸው ካሉም አብረው ይምጡ። ድግስ አያስፈልገውም፤ ፍልሰታ ከገባ ደግሞ ቆሎ ይበቃል። ሁለተኛው ጀበና ሲጣድ «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ነገር ላሳይዎት» በይና ወደ ጓዳ ይዘሻቸው ግቢ። እጃቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ። ቪዲዮውን ከዚያ በኋላ ነው የምታሳዪው። አንቺ በተቻለሽ መጠን ዝም በይ።

የሆስፒታሉ ሌሊት አፍሽን እንዲይዘው አትፍቀጂ። ውለታው ውለታ ነው፣ ግድግዳውም ግድግዳ ነው። እንዲያውም ለጎረቤት ልጅ በሌሊት መኪና ያስነሱ ሰው ያንን ግድግዳ በእጃቸው ነክተው ይጨክናሉ ብዬ አላስብም።

ስትጠይቂያቸው ታዲያ «ውሃውን ያስቁሙልኝ» አትበያቸው። ውሃ ማቆም የሚችል የለም። «ይህን ቱቦ ያዙሩልኝ» በያቸው። የአሸንዳው መውረጃ ጫፍ ላይ አንድ ኤልቦ (የቱቦ ማጠፊያ) ይገባል፣ ከዚያ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በእሳቸው አጥር ውስጥ ለውስጥ ሄዶ መንገዱ ዳር ያለው ዲች ላይ ይወጣል። ሥራ የሚያውቅ የቧንቧ ሠራተኛ ቢበዛ የአንድ ቀን ሥራው ነው። ከሲሚንቶው ለሚንሸራተተው ደግሞ በእሳቸው በኩል አጥሩን ይዞ የሚሄድ ቦይ ያስፈልጋል። ለአንድ ግቢ ስፋቱ 30 ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደህና ነው። በየ10 ሜትሩ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ይህን በዓይን እንዳትገምቱት፤ ሲባጎ ወጥሩ፣ ውሃ ልክ አምጡ። በዓይን ሲያዩት የወረደ የሚመስል፣ ውሃው ግን መሀል ላይ ደርሶ የሚተኛበት ቦይ ስንት አይቻለሁ መሰለሽ።

ከዚያ በፊት ግን ዲቹን ሂደሽ እይው። የግንባታ አሸዋና ፌስታል ሞልቶት ከሆነ የጋሼ 15 በርሜል መንገዱ ላይ ይወጣና ታች ያለውን ሰው በር ያንኳኳል። ዲች መጥረግ የሠፈር ሥራ ነው፤ አምስት ሰው በአካፋ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

ወጪውስ? ቱቦው የእሳቸው ነው። ሐፍረት ይዞሽ «ግማሹን እችላለሁ» እንዳትዪ፣ ያንቺ ገንዘብ ለግድግዳው ያስፈልግሻል። ጉልበት ግን አቅርቢ። ወንድምሽ ሲሚንቶውን ይተውና ዶማ ይያዝ።

አንድ ሰው ደግሞ መምጣቱ አይቀርም፣ «ጉድጓድ ቆፍሩና ድንጋይ ሙሉበት፣ ውሃው እዚያው ይሰርጋል» የሚል። አፈሩ የሚያሰርግ ከሆነ ጥሩ ዘዴ ነው። መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ ከሆነ ግን ከንቱ ድካም ነው። መረሬ አንዴ ከጠጣ በኋላ ያብጥና በሩን ይዘጋል። እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ማሳውን በእጅ መደብ እያወጣ ውሃውን የሚያንጠፈጥፈው መሬቱ እንደማይውጥለት ስለሚያውቅ ነው። መሞከር ከፈለጋችሁ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉት፣ በማግስቱ እዩት። ውሃው አሁንም እዚያው ካለ ነገሩን ተዉት። ቢሰርግም ከማንኛችሁም ቤት መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ደብረ ሲና ዳገት ላይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ ጭራሽ እንዳትሞክሩት። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚያ መሬት ቤትና ማሳ ይዞ ሲንሸራተት ያየ ሰው፣ ገደል አፋፍ ላይ ውሃ ወደ መሬት ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

በአንቺ ግቢ በኩል ያለውን ሥራ ጋሼን ሳትጠብቂ ጀምሪው። ለዛሬው፣ ውሃው ከሚገባበት ቦታ እስከ መውጫሽ ድረስ ትንሽ ቦይ ቆፍሪ። ከጓዳው ግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቅ። የቆፈርሽውን አፈር ወደ ግድግዳው በኩል ጣይና ከቤቱ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ እንዲል አድርገሽ ርገጪው፤ ግን ምርጊቱን እንዳይቀብረው። ውሃው በኃይል በሚመጣበት ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልተሽ ደርድሪና ወደ ቦዩ አቅጣጫ አስይዢው። ለክረምቱ ያሻግርሻል።

ግድግዳውን አሁን እንዳትነኪው! በተለይ በሲሚንቶ እንዳታስለስኚው። ሰው ሁሉ «አንዴ በሲሚንቶ ግጥም አድርጊው» ይልሻል። ጭቃ ውስጡ እርጥብ እያለ ሲሚንቶ ከተለበጠበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ግን አምሮበት ይቆያል። ከዚያ አንድ ቀን ከነሲሚንቶው ይወርዳል። ጥቅምትና ኅዳር ፀሐዩ ሲጠና፣ ግድግዳው እስከ ውስጥ ድረስ ሲደርቅ፣ በጭድና በጭቃ በደንብ ቦክቶ የሰነበተ ምርጊት ይመረግ። ከሥሩ ጉልበትሽ ድረስ የድንጋይ ካብ ብታስደግፊው ደግሞ ለዓመታት አትጨነቂም። ለጣሪያሽም አሸንዳ አሠሪ፤ የአንቺን ውሃ በበርሜል ያዢው፣ ለልብስ ይሆንሻል።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል አይደል? መስከረም ፀሐይ ትወጣለች፣ ግድግዳው ነጭ ጨው አውጥቶ ይደርቃል፣ ጋሼም አንቺም ትረሱታላችሁ። ቱቦው ዝናብ እያለ ይዙር። ሲሠራ የሚታየውም ዝናብ ላይ ነው። የድንጋይና የሲሚንቶ ሥራው ለበጋ ይቆይ።

ቡናውም ተጠጥቶ፣ ግድግዳውም ታይቶ እምቢ ካሉስ? ያኔ ብቻሽን ደግመሽ አትሂጂ። የዕድሩን ሰብሳቢና ሁለታችሁም የምታውቁትን አንድ ትልቅ ሰው ላኪ፤ እነሱም መጀመሪያ ጓዳውን ይዩ። ካልሆነ ቀበሌ፣ ቀጥሎ ለግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የከተማው ክፍል። ማመልከቻሽን በቃል አታድርጊው። ጽፈሽ አስገቢ፣ መዝገብ ቤት ገቢ ያደረገበትን ቁጥር ያዢ፣ ቀሪውን ቤት አስቀምጪ። ባለሙያ መጥቶ እንዲያይና ያየውን እንዲጽፍ ጠይቂ።

ከዚያ በኋላ ነው ሕግ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለ ንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። አንቀጽ 1149 ደግሞ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለውን ክስ ይፈቅዳል። ጓደኞችሽ ክሰሻቸው ሲሉሽ ይህን ማለታቸው ነው፤ ያልነገሩሽ ነገር ግን አለ። ይህ ክስ ሁከቱ ከተፈጠረ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል። ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቂያውም 2 ዓመት ነው። ቤቱ የተሠራው አምና ከሆነ ሽምግልናው «ከበዓሉ በኋላ፣ ከመኸር በኋላ» እየተባለ ከተንጓተተ ቀኑ ሊያልፍብሽ ይችላል። አሸንዳው የተገጠመበትንና ውሃው መጀመሪያ የገባበትን ቀን አስታውሰሽ አሁኑኑ ጻፊው። ጋሼን ፍርድ ቤት አቁሚያቸው እያልኩሽ አይደለም። ቡናውን የምታፈይው ግን ቀኑን አውቀሽ ይሁን።

ደብዳቤሽ ላይ የሌለ አንድ ነገር ቀረ። የሽንት ቤታችሁ ጉድጓድ የት ነው? ውሃው ወደዚያ የሚገባ ከሆነ ሞልቶ ግቢው ላይ ይወጣል፣ ቦይ ስትቆፍሪም መንገዱን ከጉድጓዱ በላይ አዙረሽ ማሳለፍ ይኖርብሻል። የእጅ የውኃ ጉድጓድ ካላችሁ ደግሞ እስክታረጋግጪ ድረስ ለልጆቹ ሳትቀቅዪ እንዳትሰጪ። ወረቀት ላይ ግቢሽን በእጅሽ ሳዪውና፣ ሽንት ቤቱን፣ ጓዳውን፣ የአሸንዳውን ጥግና መውጫውን ምልክት አድርገሽ በስልክሽ አንስተሽ ላኪልኝ። የቦዩን መንገድ አብረን እናየዋለን።